የወይዘሮ ውባንች ቧንቧ

በአቶ ቢሰጥ ቤት ሳቅ ከተከለከለ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እገዳውን ያወጣችው ወይዘሮ ውባንች ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባሏ ስለ አንድ የሥራ ባልደረባው ቀልድ ጀምሮ፣ ትልቋ ልጃቸው ንጋትወርቅ አፏን ከፍታ ስትስቅ፣ "በቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ጥርስ ማሳየት የለም" አለች። ከዚያ ወዲህ አቶ ቢሰጥ ቀልድ ሲመጣበት ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ አየሩ ሙቀት ማውራት ለመደ፤ ንጋትወርቅም ሳቅ ሲያፍናት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ጓዳ መሮጥ ለመደች። ከሕጉ ነፃ የሆነው የሁለት ዓመቱ ወንድሟ፣ ትንሹ በላይ ብቻ ነበር። የእሱ የወተት ጥርስ እንደ ሩዝ የነጣ ስለሆነ፣ እንኳን ሳቁ ለቅሶውም አይከለከልም።

ነገሩን ያመጣው አበባ ነው። ከዱብቲ እልፍ ብሎ በአዋሽ ዳር ያለው የጥጥ እርሻ ለጉልበት ሠራተኞቹ ካምፕ የውሃ ቦኖ ሊያስመርቅ ሆነ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ታላቅ ባለሥልጣን ይመጣሉ፣ አንዲት ልጅም አበባ ታበረክትላቸዋለች ተባለ። አቶ ቢሰጥ የደመወዝ ክፍል ጸሐፊ ብቻ ቢሆንም አማርኛው የተመሰገነ ነውና የእንኳን ደህና መጡ ንግግሩን እንዲጽፍ ታዘዘ። ንግግር የሚጽፍ ሰው ደግሞ አበባ ሰጪዋን ከሩቅ አይፈልግም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቦታ ባዶ መሆኑን የጸሐፊዎቹ ሰፈር በሙሉ ያውቃል። ወይዘሮ ውባንች ነገሩን በልቧ ደጋግማ አይታዋለች፦ ልጇ አበባውን ትሰጣለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ባለሥልጣኑ "ይቺ የማን ልጅ ናት?" ይላሉ፣ የቀረውን እግዜር ይጨርሰዋል። ችግሩ ፈገግ የሚባለው ላይ ነበር።

የንጋትወርቅ የፊት ጥርሶች ከበቀሉ ጀምሮ ኖራ የተረጨባቸው ይመስላሉ። በሁለቱ መሃለኞች ላይ ደግሞ ሻይ ፈሶ የደረቀ የሚመስል መስመር እየወጣ ነው። ወይዘሮ ውባንች አመድ ሞከረች፣ ከሰል ሞከረች፣ ሎሚ በጨው ሞከረች፤ ወተት የሚሸጡትን የአፋር ሴቶች ጥርስ አይታ የሚፍቁበትን እንጨት ገዛች። ድዱ ደማ እንጂ ነጠብጣቡ ንቅንቅ አላለም። የሰፈሩ ልጆች ብዙዎቹ እንዲሁ ነበሩ፤ የጎረቤቷ የወይዘሮ አስካለማርያም ልጆችማ ጥርሳቸው ቡናማ ሆኗል። ሰፈሩ ለዚህ ያገኘው ምክንያት የቆላ ሙቀት ነው። "ሙቀቱ ነው፤ እኛንስ ምን ተወልን?" ይባላል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ የለም።

የምርቃቱ ዕለት ማለዳ ንጋትወርቅ ከአሥመራ የመጣውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ መስተዋት ፊት ቆመች። ፀሐይ ገና ከመውጣቷ ቆርቆሮው ጣሪያ መንጣጣት ጀምሯል።

"ከንፈርሽን ግጠሚ" አለች እናቷ ከኋላ ሆና። "አሁን ፈገግ በይ።"

ልጅቷ ፈገግ አለች።

"አይ፣ ታየ። በዓይንሽ ብቻ።"

"በዓይን እንዴት ይሳቃል፣ እማዬ?"

"ትልልቅ ሰዎች ሁሉ በዓይናቸው ነው የሚስቁት። አባትሽ አለቃው ፊት ሲቆም አላየሽውም?"

አቶ ቢሰጥ ክራቫቱን እያሰረ ነበር፤ የሰማ አልመሰለም።

ደጅ ከሠራተኞቹ ካምፕ የምትመጣው አጣቢያቸው መዲና ልብስ ልታጥብ መጥታ፣ ሕፃኗን ዘሀራን እንዳዘለች ቧንቧው አጠገብ ተቀምጣ ቁልፍ ትጠብቃለች። ይህ ቧንቧ የወይዘሮ ውባንች ሀብት ሁሉ አውራ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት እርሻው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለጸሐፊዎቹ በየግቢያቸው ውሃ ሲያስገባ፣ ከመንዝ ሊጠይቋት ለመጡት እናቷ መጀመሪያ ያሳየቻቸው ቤቷን ሳይሆን ቧንቧዋን ነበር። ውሃው ከመሬት ሆድ ሞቅ እንዳለ ይወጣል፤ እስኪበርድ እንስራ ውስጥ ማሳደር ይጠይቃል፤ ግን እንደ መስተዋት የጠራ ነው፣ እንደ አዋሽ ውሃ ጭቃ አያወርድም። የጉልበት ሠራተኞቹ ሚስቶች በአጥር እያዩ ምራቃቸውን መዋጥ ሲጀምሩ ጓጉንቸር ገዝታ አሰረችበት። ሕጉም ቀላል ነው፤ መዲና የቤቱን ልብስ ታጥብበታለች፣ ለራሷ ግን ቀድታ አትወስድም። መዲና ኩሩ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከወሎ ከመጣች ጀምሮ፣ ከወንዝ ቀድታ በነጠላ ያጠለለችውን ውሃ በቅል ይዛ መጥታ የሰው ቧንቧ ሥር ተቀምጣ የራሷን ትጠጣለች።

ዛሬ ግን አፏን ከፈተች። "እትዬ ውባንች፣ ወንዙ በጣም ደፍርሷል። ለዚች ለሕፃኗ አንዲት ጣሳ ቢፈቅዱልኝ።"

"ዛሬ የራሳችሁ ይከፈትላችሁ የለ እንዴ? ምን አስቸኮለሽ?" ወይዘሮ ውባንች ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታች። "ለአንቺ ብሰጥ ነገ ካምፑ ሙሉ ደጄ ላይ ይሰለፋል።"

"እውነትዎን ነው" አለች መዲና፣ ልታጥበው ወደከመረችው ልብስ እየዞረች። ቧንቧው ተከፈተ። ልብሱም መታሸት ጀመረ።

ወደ ምርቃቱ ከመሄዳቸው በፊት አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ነበር። የእርሻው ክሊኒክ ድሬሰር ስዩም፣ ሰፈሩ "ዶክተር" የሚለው እና እሱም የማያርመው፣ የንጋትወርቅን ጥርስ ሁለት ወር ሙሉ መድኃኒት እየቀባ ነው። ስዩም ሰነፍ አልነበረም። ጥርሱን በእርሻው በራሱ ጥጥ ያደርቃል፣ ከትንሿ ጠርሙስ በብሩሽ ይቀባል፣ እንዳትውጪ፣ እንዳትበዪ፣ እንዳትጠጪ ይላል፤ እየቀባም ያስረዳል። "የጥርስ የላይኛው ቅርፊት ማዕድኑን ማጣት ሲጀምር መጀመሪያ እንዲህ ይነጣል፣ ወይዘሮ ውባንች። ልክ ምርጊቱ እንደሳሳ ግድግዳ ነው። ሳይቦረቦር ከደረሱበት ይህ የምቀባት ፍሎራይድ ማዕድኑን እየሳበ መልሶ ይጠግነዋል። ከተቦረቦረ ግን መቆፈር ነው፣ ካልሆነም መንቀል።" እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ነጠብጣቡ ብቻ አልሰማውም። ስዩም ለውጥ ሲያጣ መድኃኒቱን በሳምንት አንዴ የነበረውን ሁለቴ አደረገው፤ ከዚያም በላይ ሲያጣ፣ "ከውስጥ እየሠራ ነው" አለ። ዛሬ ከቀባት በኋላ ቀና ብሎ በመስኮቱ ብርሃን አያትና፣ "በጣም ተሻሽሏል" አለ፤ ዓይኑ ግን ጠርሙሱ ላይ ነበር።

ካምፑ መግቢያ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ አዲሱ ቦኖ ሦስት አፉን አስግጎ በሪባን ታስሯል። የጉልበት ሠራተኞቹ ከገመዱ ወዲያ፣ ጸሐፊዎቹ ከገመዱ ወዲህ ቆመዋል። ሁሉን የምታዘው የሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ሚስት ናት፤ እርሻው በሙሉ "ማዳም" ይላታል። ፎቶ አንሺው የእንግዳው መኪና ሳይደርስ ልሞክር ብሎ ንጋትወርቅን አበባ አስይዞ አቆማትና፣ "ሳቅ በይ፣ የኔ ቆንጆ" አላት። ልጅቷ በዓይኗ ሳቀች። "አፍሽን ከፈት አድርጊው" አለ። ንጋትወርቅ ወደ እናቷ ዞረች፤ እናትየው ራሷን ነቀነቀች፤ ልጅቷ ከንፈሯን ይበልጥ ገጠመች። ማዳም ቀረበች፣ አገጯን በሁለት ጣቷ ያዘችና እንደ በቅሎ ገዢ ከንፈሯን ገለበጠችው። ምንም ክፉ ቃል አልተናገረችም። አገጩን ለቀቀች፣ ከገመዱ ወዲያ ያሉትን ልጆች ዓይኗን እያሻገረች አየች፣ ከዚያም በጣቷ አመለከተች።

ያመለከተቻት የመዲናን ትልቋን ልጅ ሀምዳን ነበር። ሀምዳ እናቷ አዲሱን ውሃ ልትቀዳ ቀድማ የያዘችውን ተራ እየጠበቀች፣ በተቀደደ ጥብቆ ውስጥ ቆማ፣ ያለ ምክንያት ትስቃለች። ጥርሷ ወተት ነው። አበባው ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ማዳም ጥብቆውን አይታ አንድ ነገር ለአስተርጓሚው ተናገረች፤ አስተርጓሚውም አንገቱን ደፍቶ ወደ ወይዘሮ ውባንች መጣ። "ቀሚሱንም ብለዋል" አለ። ጊዜው ጠባብ ነበር። ከድንኳኑ ኋላ ንጋትወርቅ ነጩን ቀሚስ አወለቀች፣ ሀምዳ ለበሰችው፣ አቶ ቢሰጥ ኮቱን አውልቆ በውስጥ ልብሷ ላይ ደረበላት፣ ራሱም በሸሚዝ ንግግሩን ሊያነብ ሄደ። ባልና ሚስት አልተያዩም።

ንግግሩ ረጅምና የሚያምር ነበር። አቶ ቢሰጥ መሃሉ ላይ የራሱን ልጅ እያሰበ ያስገባው አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ሰለለ እንጂ አልዘለለውም። "ክቡር ሆይ፣ ንጹሕ ውሃ ለሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የሚሻ ቢኖር፣ የዚህችን ሕፃን አፍ ይመልከት" ብሎ አነበበ። ሀምዳ ጥርሷን አሳየች። በዕድሜዋ ከቧንቧ ውሃ ጠጥታ አታውቅም። ታላቅ ጭብጨባ ሆነ። ባለሥልጣኑ ሪባኑን ቆረጡ፣ ቦኖውን ከፈቱ፣ በብርጭቆ የቀረበላቸውን ለብ ያለ ውሃ ከንፈራቸውን አስነክተው "ግሩም ነው" አሉ፤ ሾፌራቸውም ወዲያው ከመኪናው የቀዘቀዘ የጠርሙስ ውሃ አመጣላቸው። "የንግግሩ አማርኛ የማን ነው?" ብለው ግን ጠየቁ። ስለ ልጅቱ የጠየቀ የለም።

ከግብዣው በፊት እንግዶቹ ክሊኒኩን ሲጎበኙ፣ ከባለሥልጣኑ ጋር የመጡት የጥርስ ሐኪም ዶክተር እሸቴ ወደ ኋላ ቀሩ። በኮት የተጠቀለለችውን ልጅ ከእናቷ ጋር በር ላይ አይተው ነው። ሀምዳንም እናቷ ይዛ ገብታለች፤ አበባ የሰጠችውን ልጅ ሐኪሙ ይዩልኝ ብላ። ዶክተሩ መጀመሪያ ሀምዳን አዩ። "ጥርሷ ጥሩ ነው። እዚህች ድዷ ጥግ ግን ነጭ ነገር ጀምሯታል። ሸንኮራ ትወዳለች?"

"ወላሂ፣ ካገኘች አትለቅም" አለች መዲና።

"ገና ነው፣ ይመለሳል። ሸንኮራውን ቀንሺላት፣ በየቀኑ ትፋቅ።" ከስዩም ጠርሙሱን ተቀብለው ያችን ጥግ አደረቁና ቀቡ። መዲና ምርቃት አዥጎድጉዳ፣ የቦኖው ወረፋ እንዳያልፋት ልጆቿን ይዛ ወጣች።

ዶክተር እሸቴ ወደ ንጋትወርቅ ዞሩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። "ይቺን ምን አደረጋችኋት?"

ስዩም ስለ ቅርፊቱና ስለ ማዕድኑ፣ ስለ ምርጊቱም አስረዳ። ዶክተሩ እስኪጨርስ ጠበቁት።

"ያልከው ሁሉ ለዚያችኛዋ ልክ ነው" አሉ። "የእሷ ነጠብጣብ ማጣት ነው። የዚችኛዋ መትረፍ ነው። ዕድሜዋን የጠጣችው ውሃ ይህንኑ መድኃኒት ተሸክሞ የሚወጣ ነው። ጥርሷ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ በዝቶባት ነው። ጨው ለወጥ ቁንጥሩ ያጣፍጣል፤ እፍኙን ማን ይበላዋል?"

"የቱ ውሃ?" አለች ወይዘሮ ውባንች።

"ከጥልቅ ጉድጓድ የሚመጣው። የቧንቧው። በስምጥ ሸለቆው ሌሎች እርሻዎችም አይቼዋለሁ።"

ስዩም ጠርሙሱን አንስቶ፣ ሌላ ነገር የተጻፈበት ይመስል፣ በብርሃን ፊት አገላብጦ ያየው ጀመር።

"ሥራ አስኪያጁ ያውቃሉ?" አለች ወይዘሮ ውባንች።

"ቦኖው ሲከፈት ጎናቸው ነበርኩ፤ የጸሐፊዎቹን ልጆች ጥርስ አሳይቼ ነገርኳቸው። 'ሪባኑ እኮ ተቆርጧል' አሉኝ።" ዶክተሩ እጃቸውን ታጠቡ። "አዲስ አበባ ስደርስ ለሚመለከተው አመለክታለሁ። እስከዚያ፣ ወይዘሮ፣ የዚችን ጥርስ እዚህ ልንመልሰው አንችልም፤ መልኩ ነው እንጂ ጥርሱ ጠንካራ ነው። ከሷ በታች ልጅ አለዎት?"

"ሁለት ዓመቱ ነው።"

"የእሱ ትልልቅ ጥርሶች አሁን ድድ ውስጥ እየተሠሩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቧንቧውን ይተውና የወንዝ ውሃ አጥልለው፣ አፍልተው ይስጡት።"

ወይዘሮ ውባንች ቤቷ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው እንስራውን መድፋት ነበር። የጠራው ውሃ በግቢው አፈር ላይ ሲሰምጥ ቆማ አየችው። አቶ ቢሰጥ ከግብዣው ፊቱ በርቶ መጣ፤ ባለሥልጣኑ "ጥሩ አማርኛ" ብለውታል፣ ሥራ አስኪያጁም ትከሻውን ነክተውታል። ነገረችው። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ክራቫቱን አላላ፣ መልሶ አጠበቀ። ትንሹ በላይ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ባዶ ጣሳ እያንኳኳ ይስቃል። ባልና ሚስት የልጁን ጥርስ፣ የበቀሉትንና ገና ያልመጡትን እንደሚቆጥሩ ሁሉ፣ አተኩረው ያያሉ።

"የወንዝ ውሃ፣ እኛ ቤት?" አለ አቶ ቢሰጥ።

"እኛ ቤት።"

"ሰው ሲጠይቅሽ ለአትክልት ነው በይ።"

"የምን አትክልት?"

"ይተከላል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስለ ውሃው ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የግምጃ ቤቱ ነገር በዚህ ሳምንት ይወሰናል። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ውባንች። ነገ ሚስቴ ውሃው ይጎዳል ብላለች ቢባል ምን ይሉኛል?"

እሺ አለች። እሺታዋም የምር ነበር። ንጋትወርቅን የድሮ ቀሚሷን አልብሳ፣ ከመዲና ጋር ስለ ወንዝ ውሃ ልትነጋገር ወደ ካምፑ ወረደች።

ድንኳኑ ፈርሷል። ሴቶቹ የዘይት ቆርቆሮና እንስራ ደርድረው ከቦኖው እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል፤ ግማሾቹ ሕፃን አዝለዋል። የእርሻው ዘበኛ ወረፋ ያስይዛል። መዲና ተራዋ ሊደርስ ሁለት ሰው ቀርቷታል፤ ሀምዳ ከጎኗ ነጩን ቀሚስ ከመሬት ከፍ አድርጋ ይዛ ቆማለች።

"ማዳም 'ያንቺ ይሁን' ብላታለች" አለች መዲና ሰላምታ ከሰጠች በኋላ። "እኛ ግን የሰው አንወስድም። አጥቤ ነገ አመጣዋለሁ።"

ወይዘሮ ውባንች የመጣችበትን ተናገረች። በየቀኑ ሁለት ቆርቆሮ የወንዝ ውሃ፣ ዋጋውን መዲና እንዳለችው።

"የወንዝ?" መዲና ተገረመች። "ለምንዎ?"

"ለአትክልት።"

"ኢንሻአላህ፣ ማለዳ ማለዳ አደርስልዎታለሁ። ለአትክልት እንኳ የእርስዎ ጥሩው ውሃ ነበር የሚሻለው።"

"አትክልት ጭቃ ይወዳል" አለች ወይዘሮ ውባንች። ነገሩ ተፈጸመ። የፈለገችውን አግኝታለች፤ መሄድ ነበረባት። የልጇን እጅ ይዛ መንገድ ጀመረች። ዞር ስትል መዲና ቆርቆሮዋን ሞልታ፣ በጣሳ ቀድታ፣ እስኪበርድ እፍ እፍ እያለች ዘሀራን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ ታዞራለች። ሕፃኗ ሁለት የታችኛ ጥርስ አላት። ጣሳውን አይታ አፏን ከፈተች።

"መዲና፣ ለሕፃኗ አትስጫት" አለች ወይዘሮ ውባንች።

ወረፋው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። መዲና ጣሳውን ወደ ታች አልመለሰችውም። "እትዬ ውባንች፣ ጠዋት ጣሳ ውሃ ከለከሉኝ። እሺ፣ የእርስዎ ነው። ይሄ ግን የኛ ነው።"

"እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። የልጆችን ጥርስ ያበላሻል። ለትልልቆቹ አይደለም፣ ለሕፃናቱ። ስዩም የሚቀባው ያ መድኃኒት ውሃው ውስጥ በዝቶ አለ።"

"መድኃኒት ከሆነ ታዲያ ምን ይጎዳል? ትልቁ ዶክተር በእጃቸው ለሀምዳ ቀቡላት አይደል? እርስዎም ቆመው ነበር።"

ከወረፋው ሳቅ ተነሳ። "ሰባት ዓመት የራሷን ቆልፋ ጠጣች፣ አሁን የኛን ልትቆልፍ መጣች" አለች አንዷ። "ጓጉንቸሩን ይዘሽ መጥተሽ ይሆን?" አለች ሌላዋ። ወይዘሮ ውባንች ስለ ጨውና ስለ ወጥ ጀመረች፤ ስለ ማጣትና ስለ መትረፍ ቀጠለች፤ በራሷ ጆሮ እንኳ የስስታም ሰው ሰበብ ይመስል ነበር። ዘበኛው ቀረበና በትሕትና፣ "እመቤቴ የማን ነዎት?" አለ። "የአቶ ቢሰጥ ሚስት ናት፣ የንግግሩ" አሉት ሴቶቹ እሷ ሳትመልስ። ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ስሙን ላለመርሳት እንደሚደጋግም ሰው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

ወይዘሮ ውባንች አየችው። የግምጃ ቤቱ ወንበር ከነትራሱ ሲሄድ ታያት። ከዚያ ጎንበስ አለች።

"ንጋት፣ ነይ። ሳቂ።"

ልጅቷ ተጠራጠረች። "በዓይኔ?"

"አይደለም፣ የኔ እናት። በጥርስሽ።"

ንጋትወርቅ የእናቷን ፊት አየች፣ ወረፋውን አየች፣ ነጩን ቀሚስ አየች። ከንፈሮቿ ወዲያው አልታዘዟትም። ከዚያ አፏን ከፈተች፤ የማታ ፀሐይም ኖራውና የሻዩ መስመር ላይ አረፈች። መዲና ዘሀራን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ፣ እንደ ልብስ እድፍ፣ ከቅርብ አየችው። ወደ ሀምዳ ዞራ አየች። እንደገና ወደ ንጋትወርቅ። በእጇ ያለው ጣሳ ቀስ እያለ አዘነበለ፣ ለብ ያለውም ውሃ አሸዋው ላይ ፈሰሰ።

ከኋላዋ ያለችው ሴት ግን ተራዋ ደርሶ ነበርና፣ ሕፃን እንዳዘለች ቆርቆሮዋን ወደ ቧንቧው አስጠጋች።

ወይዘሮ ውባንች የልጇን ትከሻ ይዛ ወደ ሴትየዋ አዞረቻት። "አፍሽን እንዳትዘጊው፣ ልጄ" አለች። "ለእሷም ሳቂላት።"